የጎልናር እምቢታ

ጎልናር ኢጣሊያ በገባች በመጀመሪያው ወር አምስት ኪሎ የቀነሰችው ምግብ አጥታ አይደለም፤ ጨዋ ሆና ነው። ፔሩጃ ቋንቋ ስትማር ክፍል ያከራዩዋት ሲኞራ ኢዳ ማታ ማታ ፓስታ ሠርተው፣ በሯን አንኳኩተው «ትበያለሽ?» ይሏታል። «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ አይቸገሩ» ትላለች ጎልናር። ሲኞራ ኢዳ «እሺ» ብለው ሳህናቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ልጅቷ በሩን እንደያዘች ትቀራለች። ሁለተኛውን «ኧረ ብዪ» እና ሦስተኛውን «በሞቴ» ስትጠብቅ፣ ከወጥ ቤት በኩል ሹካ ሳህን ሲነካ ትሰማለች። ከዚያ ከሻንጣዋ ውስጥ ከአገሯ ያመጣችውን ፒስታሽዮ የሚባል ለውዝ አንድ እፍኝ ትበላና ትተኛለች።

ያዝድ ላይ እንዲህ አይደለም። እሷ ባደገችበት በዚያ የኢራን በረሃ ዳር ከተማ፣ የቀረበለትን በመጀመሪያው ጥሪ የሚወስድ ሰው ወይ ጠኔ የያዘው ነው ወይ አሳዳጊ የበደለው። ጋባዥ ይለምናል፣ እንግዳ እምቢ ይላል፣ ጋባዥ ይቆጣል፣ እንግዳ ያፍራል፤ በሦስተኛው ላይ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይበላሉ። ጣፋጭ ቤት ያለው አባቷ እንኳ፣ ደንበኛ ሂሳብ ሲጠይቀው «ለእርስዎማ ምን ዋጋ አለው፣ ይቅር» ይላል። እውነት መስሎት ካርቶኑን በነፃ ይዞ የወጣ የያዝድ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልታየም።

በአራተኛው ወር ፔሩጃን ለቃ፣ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተጉዛ፣ ተራራ ላይ ወደተቆለለችው ወደ ሮካልባ መጣች፤ ፋርማሲ ልትማር። እዚያ ክፍል የምትጋራት ፊሎሜና የካላብሪያ ልጅ ናት። አጭር ናት፤ ድምፅዋ ግን እታች አደባባዩ ድረስ ይሰማል። በመጀመሪያው ቀን እናቷ ከደቡብ የላኩላትን የደረቀ በለስ ፈታ «ብዪ» አለቻት።

«አይ፣ አመሰግናለሁ።»

ፊሎሜና አተኩራ አየቻት። «ከበላሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

«በልቻለሁ።»

«ከንፈርሽ እንዲህ ነጥቶ? ስሚኝ እህቴ፣ እኛ አገር እናቴ አሥር ጊዜ ትለምንሻለች፤ እምቢ ብትያት ታለቅሳለች። ይሄ ግን ካላብሪያ አይደለም። እነዚህ ሰዎች አንዴ ነው የሚጠይቁሽ። ‹አይ› ካልሽ ‹አይ› ነው፤ ተመስገን ብለው ራሳቸው ይበሉታል። ስትጠየቂ ‹አዎ› በይ። እስኪ በይ።»

«አዎ» አለች ጎልናር።

«እንደሱ አይደለም። እንደ ራበው ሰው።»

«አዎ።»

«አሁን ብዪ» አለች ፊሎሜና፣ በለሱን ወደ አፏ እያቀረበችላት። ጎልናር ሰባት በላች። ከዚያ ቀን ወዲህ በምግብ በኩል ተማረች፤ ጉንጯም ተመለሰ።

ችግሩ ሆድ ብቻ ቢሆን ምንኛ በቀለለ። የመኖሪያ ፈቃዷ ጁላይ 31 ያልቃል። ፈቃዱን የሰጣት የፖሊስ ሹም፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «ለማሳደስ ሲመጡ በዓመቱ ያለፉትን አንድ ፈተና ያሳዩኛል፤ ከሌለ አላድስም» ብሏት ነበር። «አንድ ብቻ?» ብላ ያን ጊዜ ሳቀች። ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ የማታውቅበት ዓመት የለም፤ አንድ ፈተና ምን አላት።

እዚህ አገር ግን ፈተናው ወረቀት ላይ አይደለም። በአፍ ነው፤ ያውም በሰው ፊት። ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው ፊት ለፊታቸው ይቀመጣል፤ ተራውን የሚጠብቀው ሁሉ ከኋላ ሆኖ ያዳምጣል፣ ጥያቄውን በደብተሩ ይገለብጣል። ጎልናር ጃንዋሪ ላይ ለኬሚስትሪ ተቀምጣ፣ አርባ ሰው ከጀርባዋ ሲተነፍስ ስትሰማ፣ የምታውቀው ሁሉ ከራሷ በረረ። ጁን ላይ ለዕፅዋት ሳይንስ ተቀመጠች፤ ጀመረችና መሐል ላይ ቋንቋው ከዳት። ፕሮፌሰሩ «በርትተው ይምጡ» ብለው ሸኟት። አሁን የቀራት አንድ ቀን ነው፤ ጁላይ 18፣ የዕፅዋት ሳይንስ፣ የበጋው የመጨረሻ ዙር። ቀጣዩ ሴፕቴምበር ነው። ሴፕቴምበር ላይ እሷ ያዝድ ናት።

በዋዜማው አባቷ ደወለ። «ነገ ነው አይደል የኔ ልጅ?» አለ። «ከሱቄ ፊት ለፊት ያለችው ባዶ ቤት እኮ እስከ አሁን አልተከራየችም። ለባለቤቱ ‹የልጄ መድኃኒት ቤት ናት፣ ጠብቀኝ› ብዬዋለሁ። አጎትሽ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።» ጎልናር ስለ ጃንዋሪም ስለ ጁንም አልነገረችውም ነበር። «በርቺ» ብሎ ዘጋ። አንዴ ከተመለሰች ወጪዋን የሚከፍልላት አጎቷ ሁለተኛ እንደማያስወጣት፣ ቪዛውም ደግሞ እንደማይገኝ ታውቃለች። ስልኩን አስቀምጣ መጽሐፏን ከፈተች።

ፊሎሜና ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀጥቅጣታለች። ሳህን ሲያጥቡ ጭልፋ ይዛ የዕፅዋት ሳይንሱን ፕሮፌሰር ግሪፎኒን ትሆናለች፤ «ሲኞሪና፣ ሥሩ ምን ይሠራል?» ትላለች አፍንጫዋን ይዛ። ጎልናር ትመልሳለች። ስትሳሳት ጭልፋው ትከሻዋ ላይ ያርፋል።

ፕሮፌሰር ግሪፎኒ በዚያ ሙቀት ከረባታቸውን የሚያላሉ ሰው አልነበሩም። ፀጉራቸው ጥጥ ሆኗል፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ ግን ፊት ለፊት ማንም አያሾፍባቸውም። ፈተናው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጀመረ። ጎልናር ከሠላሳ አንድ ሰው ሰባተኛ ነበረች። ስሟን አጣመው ሲጠሩት ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ መሐል ቀበረች።

«ዝናብ በማይዘንብበት አገር ያለ ዛፍ ውሃውን እንዴት ይቆጥባል?» አሏት።

ይሄንንማ ማን እንደ ያዝድ ልጅ። ቅጠሉ ላይ ስላሉት ቀዳዳዎች፣ በቀን እንዴት እንደሚዘጉ፣ ሥሩ ስንት ክንድ ወርዶ ውሃ እንደሚፈልግ ተናገረች። አጎቷ ጓሮ ስላለው የሮማን ዛፍ ተናገረች፤ ቅጠሉ ለምን ጠባብና ወፍራም እንደሆነ አስረዳች። ሁለት ጊዜ ቃል ጠፋት፣ ሁለት ጊዜ በሌላ ቃል ዞራ አለፈች። ከኋላ ያሉት መጻፍ ጀመሩ። ፕሮፌሰሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ጥሩ ነው። ሃያ ስድስት። ይቀበላሉ?»

የሚታረመው ከሠላሳ ነው፤ ማለፊያው አሥራ ስምንት። ሮካልባ ውስጥ ነጥብ አይጫንብህም፤ ይቀርብልሃል። ደስ ካለህ ትወስዳለህ፤ ካነሰብህ ትመልስና በሚቀጥለው ዙር ደግመህ ትቀመጣለህ። ይህን ሁሉ ጎልናር ታውቃለች። ፊሎሜናም ነግራታለች። ግን ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም ይባላል። ፊት ለፊቷ አያቷን የሚያህሉ ሽማግሌ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ከጠበቀችው በላይ የሆነ ነገር አቀረቡላት። ቀኝ እጇ ራሱ ሄዶ ደረቷ ላይ አረፈ፣ አንገቷ ራሱ ጎንበስ አለ።

«አይ፣ ፕሮፌሰር፣ ኧረ በጭራሽ» አለች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ፕሮፌሰር ግሪፎኒ ቅንድባቸውን አነሱ።

«ሠላሳ ነው የሚፈልጉት ማለት ነው። መልካም፤ ሴፕቴምበር እንገናኛለን።» መዝገቡ ላይ «አልተቀበለችም» ብለው ጻፉ፤ የነጥብ ደብተሯን ዘግተው በሁለት ጣት ወደ እሷ ገፉት። «ቀጣይ፤ ሞሬቲ።»

ጎልናር አልተነሳችም። ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቀች ነበር። ፈገግ እንዳለች ነበር የጠበቀችው፤ ይሄ ነው የሚያሳዝነው። ሞሬቲ የተባለው ልጅ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። «ሲኞሪና፣ ወንበሩን» አላት የፕሮፌሰሩ ረዳት። ያን ጊዜ ገባት። ደብተሯን አንስታ እንዴት ከአዳራሹ እንደወጣች አታውቅም።

ፊሎሜና ከማሽኑ ቡና ገዝታ ደረጃው ላይ አገኘቻት።

«ስንት?»

«ሃያ ስድስት።»

ፊሎሜና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ቡናው ሁለቱም ላይ ፈሰሰ። ጎልናር እንደ ግንድ ደርቃ ቆመች።

«እምቢ አልኩ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«እምቢ አልኳቸው። ለወጉ። መጀመሪያ እምቢ ይባላል፣ ከዚያ ይለምኑኛል ብዬ።»

«ግሪፎኒ ይለምኑሻል።» ፊሎሜና ባዶውን ኩባያ ደረጃው ላይ አስቀመጠች። «ግሪፎኒ የገዛ የእህታቸውን ልጅ ሁለት ጊዜ የጣሉ ሰው ናቸው። አንቺን ይለምኑሻል።»

«አወቅኩ እኮ። አሁን አወቅኩ።»

«መዝገቡን ፈርመዋል?»

«አላየሁም።»

«አልፈረሙም። የመጨረሻው ሰው ሳይጨርስ አይፈርሙም። ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ሲጨርሱ ሂጂና ‹እፈልገዋለሁ› በያቸው።»

«እንዴት እንዲህ ይባላል? ለሽማግሌ? እምቢ ያልኩትን መልሼ ስጡኝ ልበል?»

«በአፍ ነው የሚባለው።»

«እናቴ ብትሰማ ትሞታለች፣ ፊሎሜና።»

«እናትሽ ልጇ ሻንጣዋን ጎትታ ባዶ እጇን ስትገባ ነው የምትሞተው። ተነሺ አልኩሽ።» በትከሻዋ ገፋቻት፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችባት።

ጎልናር የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ከፊቷ ሃያ አንድ ሰው ነበር። አንዷ አሥራ ስምንት ተሰጣትና ደብተሯን ሳመችው። አንዱ ሃያ ስምንት ተሰጥቶት «አልቀበልም» ብሎ እያፏጨ ወጣ፤ ጎልናር በሕይወቷ በሰው እንደዚያ ቀንታ አታውቅም። ፕሮፌሰሩ ብዕራቸውን ባነሱ ቁጥር፣ አሁን ፈረሙ፣ አሁን ፈረሙ ትላለች። ቃሉን በከንፈሯ ትለማመዳለች፤ እፈልገዋለሁ፣ እፈልገዋለሁ። ለታላቅ ሰው ተናግራው የማታውቀው ቃል ነው። በአፏ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይከብዳል።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ረዳቱ «ምሳ እንውጣ?» አለ። «እንጨርሰው» አሉ ፕሮፌሰሩ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻው ተፈታኝ ወጣ። ፕሮፌሰር ግሪፎኒ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ የብዕሩን ክዳን ከፈቱ።

«ፕሮፌሰር» አለች ጎልናር ተነስታ። ድምፅ አልወጣም። «ፕሮፌሰር» አለች ደግማ። አሁን ወጣ፤ ያውም ጮኸ።

ቀና አሉ።

«ሃያ ስድስቱን እፈልገዋለሁ።»

«እምቢ ብለዋል እኮ።»

«ብያለሁ።»

«ለምን አሉ ታዲያ?»

ወደ ጠረጴዛው ሄደች። «እኛ አገር ሰው የተሰጠውን ወዲያው አይወስድም፤ ነውር ነው። እስኪደግሙልኝ ነበር የጠበቅኩት።»

ረዳቱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ፕሮፌሰሩ አልሳቁም። «እና አራት ሰዓት ሙሉ እዚያ የተቀመጡት እስክደግምልዎ ነው?»

«አይደለም። ፈርመው እንዳይሄዱብኝ ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ በዚህ ወር ያልቃል። አንድ ፈተና ካላሳየሁ አገሬ እመለሳለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ብዕሩን አላስቀመጡም፤ አልፈረሙምም። መስኮቱ ላይ ዝንብ ትጮኻለች።

«የተመለሰ ነጥብ አይመለስም» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬ አራት ሰዎች እምቢ ብለው ወጥተዋል። ለእርስዎ ብቻ አልመልስም። ሃያ ስድስቱ የለም።» ጎልናር የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። «ግን መዝገቡ አልተዘጋም። እነሱም ቢጠብቁ ኖሮ የምላቸውን ልበልዎት፤ አሁን ከዜሮ እፈትንዎታለሁ። ከወደቁ ወደቁ ነው፤ ስለ ፈቃድ ሁለተኛ አልሰማም። ይቀመጡ።»

ተቀመጠች።

«ስለ ፈርን ይንገሩኝ። አበባ የለው፣ ዘር የለው፤ እንዴት ይራባል?»

ያዝድ ውስጥ ፈርን የለም። ጥላና እርጥበት የሚወድ ተክል በዚያ በረሃ ምን ይሠራል። ጎልናር በዓይኗ ያየችው እዚሁ ሮካልባ፣ ከወጥ ቤታቸው መስኮት ጀርባ ያለው እርጥብ ግንብ ላይ ነው። ፊሎሜና አንዱን ቅጠል ነቅላ፣ ገልብጣ፣ ከጀርባው ያሉትን ቡናማ ነጠብጣቦች በጥፍሯ ፍቃ «ይሄ ነው ዘሩ፤ ዘር ግን እንዳትይው፣ ይጥሉሻል» ብላት ነበር። ከዚያ ጀመረች። ብናኙ በነፋስ ይሄዳል አለች። እርጥብ መሬት ላይ ያርፋል አለች። ከዚያ ከብናኙ የምትበቅለው ትንሽ ነገር አለች፤ ስሟ ጠፋ። ፈለገችው፣ የለም። ዝንቧ እንኳ ዝም አለች።

«እየጠበቅኩ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ስሟ ጠፋብኝ። ልብ የምትመስል ጠፍጣፋ ነገር ናት፤ ከትንሿ ጥፍሬ ታንሳለች።»

«ስሟን ነው የጠየቅኩት።»

«ስሟን አላውቅም።»

ረዳቱ ጠረጴዛውን አየ። ፕሮፌሰሩ ብዕሩን በጣታቸው አዞሩት። «የሚሆነውስ ነገር?»

«ወንዱም ሴቱም እሷ ላይ ነው የሚገኘው። ግን ውሃ ያስፈልጋል፤ አንድ ጠብታ ትበቃለች። ወንዱ ወደ ሴቷ የሚደርሰው ዋኝቶ ነው። ለዚህ ነው እኛ አገር የሌለው።» የመጨረሻዋ የራሷ ናት፤ መጽሐፉ ውስጥ የለችም።

ጎልናር የአባቷን ድምፅ ሰማች፤ ጠብቀኝ ብዬዋለሁ።

«ሃያ አንድ» አሉ ፕሮፌሰር ግሪፎኒ። «ይቀበ...»

«እቀበላለሁ።»

አሁን ረዳቱ ሳቁን መሸፈን አቃተው። ፕሮፌሰሩ «አልተቀበለችም» የሚለውን ሰርዘው ሃያ አንዱን ጻፉ፣ ፈረሙ፤ ደብተሯ ላይም ፈረሙ። ረዳቱ መዝገቡን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ወደ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ጎልናር ደብተሯን እንደከፈተች ቆማ ቀረች። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ ከዘጋችው የሚጠፋ መሰላት።

ፕሮፌሰሩ ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። እንቁላል ጥብስ መሐሉ የገባበት ዳቦ ነው። ሊገምጡ ሲሉ ልጅቷ አለመሄዷን አዩ፤ ዳቦውን ትንሽ ከፍ አድርገው «እንብላ፣ ሲኞሪና» አሏት።

ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። የፊሎሜና ትምህርት ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰላት። «አዎ፣ አመሰግናለሁ» አለች፣ እንደ ራበው ሰው፤ እጇን ዘርግታም ወሰደች።

የፕሮፌሰሩ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሁለቴ ገምጣ ስትውጥ ነው ወረቀቱ ባዶ መሆኑን ያየችው። ሽማግሌው ወረቀቱን ለሁለት አጠፉት፣ ለአራት አጠፉት፤ ምራቃቸውን ዋጡ።

«ጥሩ ነው?» አሏት።

«በጣም ጥሩ ነው።»

«ባለቤቴ ናት የምትሠራው» አሉና ዳቦውን አዩት።

ሮካልባ ውስጥ የሚበላ ሰው ላይ ደርሶ «እንብላ» ያልተባለ የለም፤ «እሺ» ብሎ የበላም የለም። «መልካም ምግብ» ብሎ ማለፍ ነው ወጉ። ፊሎሜና ይህን መንገር ረስታ ነበር። ጎልናር ግን ማንም ሳይነግራት ገባት፤ ያን ፊት ታውቀዋለች። ፔሩጃ ላይ በሩን ይዛ፣ ሳህኑ ሲመለስ የምታይበት የራሷ ፊት ነው። ከእፍረቷ የተነሳ ጆሮዋ ጋለ። ያልተነካውን ወገን ቆርሳ ዘረጋችላቸው።

«ይብሉ፣ ፕሮፌሰር።»

«አይ፣ አይ፣ እርስዎ ይብሉ።»

«ኧረ ይብሉ እንጂ።»

«አልራበኝም፣ አመሰግናለሁ።»

እጇን አልመለሰችም። ሦስተኛውን በጣሊያንኛ እንዴት እንደሚሉት አታውቅም፤ ፋርስኛውን እንዳለ ገለበጠችው።

«በሞቴ» አለች።

ፕሮፌሰር ግሪፎኒ ልጅቷን አዩ፣ ዳቦውን አዩ። ከዚያ ተቀብለው በሉ።